እሳትን የለካው ሰው፤ የካውንት ራምፎርድ ሕይወትና ምድጃዎቹ



በዚህ እትም የምንተርከው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለሞተ አንድ አሜሪካ የተወለደ ሰው ነው። በዘመኑ ወታደርም፣ ሰላይም፣ ሹምም፣ ሳይንቲስትም ሆኖ ኖሯል። እኛ የመረጥነው ግን በምድጃው ምክንያት ነው። ስንሰበሰብ ደጋግመን የምናነሣቸውን ሁለት ጉዳዮች፣ የማገዶ ወጪንና የማድ ቤት ጭስን፣ ሳይንቅ በሚዛንና በሙቀት መለኪያ ከመረመሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ታሪኩን ስናነብ ያደነቅንለት ነገር አለ፤ ያስቆጣንም ነገር አለ። ሁለቱንም እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬው ልጅ

የልደት ስሙ ቤንጃሚን ቶምሰን ነው። በ1753 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ፣ ዎበርን በምትባል የገበሬ መንደር ተወለደ። አሜሪካ ያኔ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቱ እሱ ሕፃን ሳለ ሞተ፤ እናቱም ሌላ ባል አገባች። በ13 ዓመቱ ሴለም ከተማ ወደሚኖር አንድ ነጋዴ ተልኮ የሱቅ ሥራ እንዲለምድ ተደረገ። ልቡ ግን ከሱቁ ይልቅ ወደ ሙከራ ያደላ ነበር። አንድ ጊዜ ርችት ሲሠራ ፈንድቶበት ክፉኛ ተቃጥሏል። ካገገመ በኋላም ትምህርት መፈለጉን አልተወም፤ ሎአሚ ባልድዊን ከሚባል የመንደሩ ጓደኛ ጋር ሆኖ የሃርቫርድን የሳይንስ ትምህርት ለመስማት በእግሩ ይመላለስ ነበር።

ያደገበት አገር ክረምቱ ብርቱ ነው። በዚያን ጊዜ ቤት የሚሞቀውም ምግብ የሚበስለውም ግድግዳው ውስጥ በተሠራ ሰፊ ክፍት ምድጃ ነበር። ሴቲቱ ከባድ የብረት ድስት ታነሣለች፣ ታወርዳለች፤ ፊቷ ይለበለባል፣ ጀርባዋ ይበርዳል፤ ቀሚሷ እሳት እንዳይዘው ዘወትር መጠንቀቅ አለባት። አብዛኛው የእሳቱ ሙቀት በሰፊው ጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ሲሄድም የክፍሉን ሞቅ ያለ አየር አብሮ ይወስዳል። በበሩና በመስኮቱ ስንጥቅ ደግሞ ብርድ ይገባል። ብዙ እንጨት ይነዳል፣ ቤቱ ግን አይሞቅም።

ይህን ችግር ከእሱ በፊት ያየ ሌላ የማሳቹሴትስ ልጅ ነበር። በ1706 ቦስተን የተወለደው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ ለክፍል ማሞቂያ የሚሆን የብረት ምድጃ ሠራ፤ በ1744ም አሠራሩን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የፔንሲልቬንያ ገዥ ምድጃውን ለብቻው ሠርቶ የመሸጥ መብት ሊሰጠው ቢፈልግም ፍራንክሊን አልተቀበለም፤ እኛ በሌሎች ፈጠራ እንደምንጠቀም ሁሉ ሌሎችም በእኛ ይጠቀሙ ብሎ ያምን ነበርና። ምድጃው ግን ጉድለት ነበረበት። ጭሱ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ እንዲወጣ የተሠራ ስለሆነ እሳቱ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር። በኋላ ሌሎች ሰዎች ጭስ መውጫውን እየቀየሩ አሻሻሉት። የምድጃ ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ያርመዋል።

ትቷት የሄደው ሚስቱ

ቶምሰን በ19 ዓመቱ አስተማሪ ሆኖ ኒው ሃምፕሸር ወደምትገኘው ኮንኮርድ ሄደ። የከተማዋ የቀድሞ ስም ራምፎርድ ነው። እዚያ ሳራ ዎከር ሮልፍ የምትባል፣ በዕድሜ ከ10 ዓመት በላይ የምትበልጠውን ባለጸጋ መበለት በ1772 አገባ። የድሃ ገበሬ ልጅ በአንድ ጊዜ ባለ ርስት ሆነ፤ ከገዥው ጋር ተዋወቀ፤ የሻለቃነት ማዕረግ አገኘ። በ1774 ሳራ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ ሳሊ እያሉ ይጠሯት ነበር።

በዚያው ጊዜ ቅኝ ተገዢዎቹ በእንግሊዝ ላይ ለማመፅ እየተነሡ ነበር። ቶምሰን የንጉሡ ወገን ነው ተብሎ ተጠረጠረ፤ ጥርጣሬውም ልክ ነበር፤ ለእንግሊዝ ጦር በምስጢር ወሬ ይልክ ነበር። ሕዝቡ ተቆጥቶ ቤቱ ድረስ ሲመጣበት ሸሸ፤ በ1776 የእንግሊዝ ጦር ቦስተንን ሲለቅ እሱም በመርከብ ወደ ለንደን ሄደ። ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቷቸው ሄደ። ሚስቱን ዳግመኛ አላያትም፤ እሷም በ1792 ሞተች።

ብዙ ጊዜ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ይህን የመሰለው ክፍል በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ግን ብቻዋን ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሴቶች የምንበዛበት ማኅበር ነን። የሌላውን ሕዝብ ምድጃ ሲያስተካክል የኖረው ሰው የራሱ ቤት እሳት ላይ ማን እንጨት ይጨምር እንደነበር ማስታወስ ይገባናል። ሳሊን ያሳደገቻት እናቷ ነች።

ሙኒክ፤ ሾርባና የሥራ ቤት

ለንደን ውስጥ ቶምሰን ቶሎ ከፍ አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹመት አገኘ፤ በባሩድ ላይ ባደረገው ምርመራ በ1779 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1784 ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የ“ሰር” ማዕረግ ሰጡት። ከዚያም ዛሬ የጀርመን ክፍል ወደሆነችው ባቫሪያ ሄዶ ለገዥዋ ለካርል ቴዎዶር አማካሪ ሆነ። በሙኒክ ከ10 ዓመት በላይ ሠራ። ዛሬም የከተማዋ ሕዝብ የሚዝናናበት የእንግሊዝ የአትክልት ስፍራ የተጀመረው በእሱ አሳቢነት ነው። ካውንት ሲባልም ለማዕረጉ የመረጠው ስም ራምፎርድ ነበር፤ ትቷት የወጣት የሚስቱ ከተማ የቀድሞ ስም።

ለእኛ የሚጠቅመን ሥራው የጀመረው በ1790 የዘመን መለወጫ ዕለት ነው። ሙኒክ ያኔ 60,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ለማኙም ብዙ ነበር። ራምፎርድ ራሱ እንደጻፈው በአንድ ሳምንት ውስጥ የተመዘገቡት 2,600 ደርሰዋል። በዚያ ቀን ወታደሮችንና የከተማ ሹማምንትን ይዞ ወጣና ለማኞቹን ከየመንገዱ አስያዘ። የመጀመሪያውን ለማኝ የያዘው ራሱ ነው። በማግሥቱ ግን እስር ቤት አልወረወራቸውም። አንድ የቆየ ፋብሪካ ታድሶ፣ ተጠርጎ፣ ሞቆ ይጠብቃቸው ነበር። እዚያ ትኩስ ምግብ ቀረበላቸው፤ ሄምፕ፣ ተልባ፣ ጥጥና ሱፍ መፍተል ተማሩ፤ ለሠሩት ሥራም ተከፈላቸው። የሚሠሩት ልብስ ለባቫሪያ ጦር ይውል ነበር።

ራምፎርድ የተነሣበት ሐሳብ በዘመኑ እንግዳ ነበር። ሹማምንቱ ድሃ መጀመሪያ ጠባዩን ያርም፣ ከዚያ ይረዳ ይሉ ነበር። እሱ ገለበጠው፤ መጀመሪያ ሰውየው ይብላ፣ ይሙቀው፣ ንጹሕ ቦታ ያግኝ፤ ጠባዩ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል አለ። ይህን እናደንቃለን። ነገር ግን ማንም ለማኞቹን ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ አልጠየቃቸውም። ልጆቻቸውም እንኳ ትልልቆቹ ሲሠሩ ዙሪያውን ተቀምጠው እንዲያዩ ይደረግ ነበር፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ሰልችቷቸው እኛም እንሥራ ብለው እስኪለምኑ ድረስ። እርዳታው እውነተኛ ነበር፤ የመጣው ግን በወታደር ታጅቦ ነው። እርስ በርስ መረዳዳትን መሠረት ላደረገ ማኅበር ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ምግቡ የገብስና የአተር ሾርባ ነበር፤ ኮምጣጤና ጨው ይገባበታል፣ ከደረቅ ዳቦ ጋር ይበላል። በኋላ ድንች ተጨመረበት። የሙኒክ ሰው ያኔ ድንችን ይጠራጠር ስለነበር መጀመሪያ በድብቅ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ ተቀቅሎ ነው የገባው። በላተኞቹ ጣዕሙን ከለመዱ በኋላ ምስጢሩ ተነገራቸው። ሾርባው በራምፎርድ ስም እየተጠራ ለንደንን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተዛመተ።

ድስቱና እሳቱ

ከ1,000 ሰው በላይ በየቀኑ የሚመግብ ሰው ስለ ማገዶ ማሰብ ግዴታው ነው። ራምፎርድም ለየምግቡ የሚነደውን እንጨት እየመዘነ መጻፍ ጀመረ። ከደረሰባቸው ነገሮች መካከል ዛሬ በየቤታችን የሚሠሩ አሉ።

አንደኛው የሚፈላ ውሃ ነገር ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም። የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ድስቱ እየተንተከተከ እንዲገነፍል ማንደድ ምግቡን አያፋጥነውም፤ እንጨቱን ይጨርሳል እንጂ። ፍል ካለ በኋላ እሳቱን ቀነስ አድርጎ ድስቱን መክደን ይበቃል።

ሁለተኛውን ያገኘው በማድ ቤት ሠራተኞች ምክንያት ነው። ድንች ለማድረቅ በሠራው መሣሪያ የበግ ሥጋ ይበስል እንደሆነ ሞከረ። ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቆ አልበስል ቢለው ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ሴቶቹ ሠራተኞች ሥጋው እዚያው ይደር ብለው ተዉት። በማግሥቱ ለምሳ ሊሠሩት ሲያወጡት በስሎ፣ ለስልሶ፣ ጥሩ ጣዕም ይዞ አገኙት። ከሚፈላ ውሃ ያነሰ ሙቀት ብዙ ሰዓት ከቆየ ሥጋን እንደሚያበስል ራምፎርድ ከዚህ ተማረ። ሙያ ያላት ሁሉ ዶሮ ወጥ በዝግታ እንጂ በጥድፊያ እንደማይበስል ታውቃለች። የእነዚያ ሠራተኞች ስም ግን እኛ በምናውቀው ታሪክ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው የምድጃው አሠራር ነው። ክፍት እሳት ላይ ድስት ማንጠልጠልን ትቶ ከጡብ የተገነባ መደብ አሠራ። በመደቡ ላይ ለየድስቱ ልክ ጉድጓድ አለ፤ ድስቱ ተሸጉጦ ይገባበታል። ከእያንዳንዱ ድስት ሥር የራሱ ትንሽ እሳት፣ የብረት ፍርግርግ፣ የአመድ ማጠራቀሚያና የሚከፈት የሚዘጋ የአየር በር ተደርጓል። ነበልባሉ የድስቱን ሥርና ጎን ሳይዞር አይወጣም። ጭሱ ወደ አብሳይዋ ፊት ሳይመጣ በማውጫው ይሄዳል። አንድ ድስት ብቻ ለማብሰል ደግሞ አንድ እሳት ብቻ ይበቃል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ስለ ሹም ሽር ሲነገር እውነት ነው። ስለ ማገዶ ከሆነ ግን ጉልቻው ለውጥ ያመጣል። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በየጎኑ ይበተናል፤ የምጣዱ ሥር የሚያገኘው ትንሹን ነው። በአገራችን ለእንጀራ የሚሠራው ምርጥ ምድጃም፣ ለከሰል የሚሠራው ላቀችም መነሻቸው ይኸው ነው፤ እሳቱን ከበብ አድርጎ ሙቀቱን ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ መምራት። የተበተነው ሙቀት እንጨት ነበር። ያንን እንጨት ከእንጦጦ በጀርባዋ ያወረደችው እናት ነች።

ጭስ የሚያስቸግራቸው ቤቶች

ራምፎርድ በ1795 ወደ ለንደን ሲመለስ ከተማዋ በጭስ ተሸፍና አገኛት። የግድግዳ ምድጃዎች ትልልቅ ነበሩ፤ ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ሙቀቱ ይባክናል። እሱ ያቀረበው መድኃኒት በጥቂት ጡብና ጭቃ የሚሠራ ነበር። የጭስ ማውጫውን ጉሮሮ ወደ 4 ኢንች፣ ማለትም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ማጥበብ፤ የምድጃውን ጥልቀት መቀነስ፤ የግራና የቀኝ ጎኖቹን ወደ ክፍሉ እንዲያዩ ሰያፍ አድርጎ መገንባት፤ ከዚያም ኖራ መቀባት። ጉሮሮው ሲጠብ ጭሱ በኃይል ወደ ላይ ይሳባል፤ ሰያፎቹ ጎኖች ደግሞ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሳሉ። በ1796 ስለዚህ የጻፈው በሰፊው ተነበበ፤ የራምፎርድ ምድጃ የየቤቱ ወግ ሆነ። ደራሲዋ ጄን ኦስተን እንኳ በአንድ ልብ ወለዷ ውስጥ በስሙ ጠቅሳዋለች። አሜሪካም ውስጥ ቶማስ ጄፈርሰን ሞንቲቼሎ በሚባለው ቤቱ አሠርቷል። እንደ ፍራንክሊን ሁሉ ራምፎርድም በምድጃዎቹ ላይ የብቻ መብት አልጠየቀም።

በሙኒክ የመድፍ ማምረቻ ደግሞ ትልቅ ሳይንሳዊ ሥራ ሠርቷል። የመድፍ አፈሙዝ በፈረስ ኃይል ሲቦረቦር እጅግ እንደሚግል አየ። በውሃ ውስጥ አድርጎ ሲያስቦረቡረው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ያለ እሳት ውሃው ፈላ። ሙቀት በዕቃ ውስጥ የተከማቸ ፈሳሽ ነው የሚለውን የጊዜውን እምነት ይህ በ1798 ያቀረበው ሙከራ አናጋው።

በ1799 ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተባለው ተቋም እንዲመሠረት ዋና አንቀሳቃሽ ሆነ። የተመኘው የምድጃና የማድ ቤት ናሙናዎች ለባለ እጆች የሚታዩበት፣ ሳይንስ ወደ ድሃው ቤት የሚደርስበት ቦታ ነበር። ተቋሙ በሳይንስ ታላቅ ስም አተረፈ፤ ሆኖም ብዙም ሳይቆይ ለባለጸጎች ንግግር የሚደረግበት አዳራሽ ሆነ፤ ለባለ እጆች የታሰበው ወደ ጎን ተባለ። ማኅበር ያቋቋመ ሁሉ ይህን አደጋ ያውቀዋል። ሥራው ለማን እንደተጀመረ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ቤቱ ይቆማል፣ ባለቤቶቹ ግን ይለወጣሉ።

የፓሪስ ዓመታትና ሳሊ

በ1805 ራምፎርድ ፓሪስ ውስጥ ማሪ አን ላቩዋዚዬን አገባ። እሷም የሚያስታውሷት ሴት ነች። የመጀመሪያ ባሏ፣ ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ አንትዋን ላቩዋዚዬ፣ በ1794 በአብዮቱ በጊዮቲን ተገድሏል። እሷ በቤተ ሙከራው አብራው ትሠራ፣ ማስታወሻ ትይዝ፣ ከእንግሊዝኛ ትተረጉምለት፣ የመጽሐፉን ሥዕሎች ትሥል ነበር። ስትጋባም የሟች ባሏን ስም እንደማትተው አስቀድማ አስታውቃለች። ትዳሩ አልሰመረም። እሷ እንግዳ ትወዳለች፤ እሱ ጸጥታ ይፈልጋል። አንድ ቀን እንግዶቿ እንዳይገቡ በሩን አስቆለፈ፤ እሷም የሚወዳቸው አበቦቹ ላይ የፈላ ውሃ ደፋችባቸው። በ1809 ተለያዩ።

በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ቡናም ጽፏል፤ የተፈጨ ቡና ላይ ትኩስ ውሃ እየወረደ የሚጠልበት ማፍያ ሠርቷል። ቡና ሠራተኛውን ከመጠጥ ያርቀዋል ብሎ ያምን ነበር። ቡና ግን ሲፈላ መዓዛው በእንፋሎቱ ይጠፋልና መፍላት የለበትም ይል ነበር። እዚህ ላይ እኛ ጀበናችንን ይዘን እንለየዋለን። ራምፎርድ በነሐሴ 1814 ፓሪስ አጠገብ ኦተይ በተባለ ቦታ ሞተ።

ልጁ ሳሊ እናቷ ከሞተች በኋላ በ1796 አባቷ ዘንድ አውሮፓ ሄዳ ነበር፤ የባቫሪያ ገዥም ካውንቴስ ብሎ ማዕረግ ሰጥቷታል። ዕድሜዋን በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል ስትመላለስ ኖራ፣ በ1852 በተወለደችበት ኮንኮርድ ሞተች። ስትሞት ቤቷንና ገንዘብ ለችግረኞች፣ በተለይም እናት ለሌላቸው ልጃገረዶች መጠለያ እንዲሆን ተናዘዘች። መጠለያው በእናቷ ቤተሰብና በአባቷ ስም፣ ሮልፍና ራምፎርድ ተብሎ ተጠራ። አባት ትቷት ሄዶ እናት ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ የሠራችውን ይህን ሥራ ከአባቷ ምድጃዎች አሳንሰን አናየውም።

ለእኛ የሚተርፈን

የራምፎርድ የጡብ መደብ ብዙ አብሳይ ላለበት ትልቅ ቤት እንጂ ለተራው ቤት አልተመቸም። በተራው አሜሪካዊ ማድ ቤት የገባው በኋላ የመጣው ትንሹ የብረት ምድጃ ነው። ከእነዚህ አንዱ በ1834 ፊሎ ስቱዋርት የፈጠራ መብት ያገኘበት የኦበርሊን ምድጃ ነው። ስቱዋርት ኦሃዮ ውስጥ የሚገኘውን የኦበርሊን ኮሌጅ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ኮሌጁም በ1837 ሴቶችን ከወንዶች እኩል ለዲግሪ ትምህርት ተቀብሏል።

ስለዚህ ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ምድጃ ስትለግሱን ሥዕሉን ከማጽደቃችሁ በፊት የምታበስለውን ሴት ጠይቁ። ምጣዷ ስንት ነው? ቆማ ነው ወይስ ተቀምጣ የምትጋግረው? እንጨት ነው፣ ኩበት ነው፣ ከሰል ነው የምታነደው? ጭሱስ በየት ይወጣል?

ለአባላቶቻችን ደግሞ ከራምፎርድ ልማዶች ምርጡን እንድንወስድ እንጠይቃለን፤ እሱም መለካት ነው። በሚቀጥለው ወር እያንዳንዳችን ለአንድ ሳምንት ያነደድነውን እንጨት ወይም ከሰል በኪሎ መዝነን፣ የከፈልነውን ብር ጨምረን እንጻፍ። በሁለተኛው ሳምንት ድስቱን እየከደንን፣ ፍል ሲል እሳቱን እየቀነስን እንደገና እንመዝን። የሁለቱን ሳምንት ልዩነት ይዘን ስብሰባ ላይ እንገናኝ። መጻፍ የማትችል እህት ካለች አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት።